ሞተሩ የጠፋው ተርቦ ነው ወይስ ጠግቦ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንዱ ስለ አንድ የሳይንስ ነገር እንዲናገር በታዘዘ ጊዜ ዕጣው ለእኔ ወጣ። ጓደኞቼ ስለ ከዋክብት ወይም ስለ ኤሌክትሪክ ብናገር ለበዓሉ እንደሚስማማ መክረውኝ ነበር። ምክራቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ከዋክብትን የማውቃቸው ከሩቅ ነው። ከቅርብ የማውቀው ካርቡራቶርን ነው። ስለዚህ ስለ አንዲት አሮጌ የስፖርት መኪና፣ በእርስዋም ላይ ስለ ሠራሁት ስሕተት እናገራለሁ። እናቶቻችን ነገሩ የጋራዥ ነው ብላችሁ እንዳትሰለቹ እለምናለሁ፤ ከሰል ማንደድ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ነገር ይረዳዋል።

መተማ ሲባል የብዙ ሰው አሳብ የሚሄደው አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ወደ ወደቁበት ጦርነት ነው፤ ከዚያም ወደ ሰሊጡ፣ ከዚያም ወደ ሙቀቱ። በእኔ ታሪክ ውስጥ ግን ሙቀቱ ይቀድማል፤ ምክንያቱም ያሳሳተኝ እርሱ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ በገላባት በኩል ሰው ወደ መተማ ይጎርፍ ጀመር። በአውቶቡስ የመጣ ነበር፤ በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ የመጣ ነበር፤ በእግሩ የመጣም ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ፤ ቅዳሜና እሑድ፣ ዐርብ ማታም ጭምር፣ በአጎቴ ጋራዥ እሠራ ነበር። በግንቦት ወር በአንድ ዐርብ ምሽት አንዲት አረንጓዴ መኪና በልጆች ተገፍታ ወደ በራችን ደረሰች። ዝቅ ያለች፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ፣ ከሁለት ሰው በላይ የማትይዝ ናት። ከፊቷ ላይ «ኤም ጂ» የሚል ምልክት አለ። የእንግሊዝ አገር ሥራ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 ድረስ ሲሠራ ከነበረው «ኤም ጂ ቢ» ከሚባለው ወገን ናት። እንዲህ ያለ መኪና በመጽሔት እንጂ በዐይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። በውስጧ አንድ ጡረታ የወጡ የካርቱም ሽማግሌና ባለቤታቸው ነበሩ። ሻንጣቸው አንድ ብቻ ነው። የቀረው ቦታ በውሃ ጀሪካንና በቤንዚን ጀሪካን ተይዟል።

ሽማግሌው ወደ ጎንደር መድረስ ይፈልጉ ነበር፤ የሴት ልጃቸው ባል እዚያ ይጠብቃቸዋል። መኪናዪቱ ግን ከካርቱም ጀምሮ እየጠፋች አስቸግራቸዋለች። ባለቤታቸው ሙቀቱን አልቻሉትም። ከገላባት የመጣ አንድ ነጋዴም በጎማዋና በብረቷ ዋጋ ብቻ ሊገዛቸው ጠይቋቸው ነበር። እስከ እሑድ ጠዋት ካልተነሣች ሊሸጡለት ቃል እንደ ሰጡት ነገሩኝ። ይህን ሲናገሩ እጃቸውን ከመሪው ላይ አላነሡም።

አጎቴ በዚያ ምሽት ለዕቃ ግዥ ገንዳ ውሃ ሄዶ ነበር። ሰው በጠፋበት ሰዓት ልጅ ሐኪም ይሆናልና፣ እኔም ሐኪም ሆንሁ። ምንም ሳልጠይቅ አሰብሁ፤ «ቀኑ ሙቅ ነው፤ ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ተኖ ለሞተሩ አልደረሰውም፤ ስለዚህ የጠፋው ነዳጅ አንሶት ነው» አልሁ። በቆላ አገር ይህ በሽታ በእውነት አለ፤ እኔ የፈጠርሁት አይደለም። እርጥብ ጨርቅ በቱቦው ላይ ጠመጠምሁ። ይህም አልበቃኝ ብሎ የካርቡራቶሮቹን ዳዶ በቁልፍ ሦስት ሦስት ፊት ወደ ታች አዞርሁና ነዳጁን ጨመርሁለት። ሞተሪኖውን ሲመቱ ሞተሩ ወዲያው ተነሣ፤ እንደ ሰዓትም ይሄድ ጀመር። ሽማግሌው መረቁኝ፤ ባለቤታቸው ተምር ሰጡኝ። በኩራት ወደ ቤቴ ገባሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ሄዳ ኬላው ዘንድ ስትቆም ጥቁር ጭስ ተፍታ ጠፋች። ከዚያ በኋላ እኔ ባነሣት ጊዜ ሁሉ ከቀድሞው ይልቅ ባሰች። ማታ የተነሣችበትን ምክንያት አሁን አውቀዋለሁ። የቀዘቀዘ ሞተር ሲነሣ ነዳጅ የበዛበት ድብልቅ ይወዳል። እኔ በምሽቱ ብርድ የሰጠሁት መድኃኒት ለመነሻ ያህል የሚስማማ ሆነና ዋናውን በሽታ ሸፈነልኝ እንጂ አላዳነልኝም።

አጎቴ ረፋዱ ላይ ተመለሰ። በመጀመሪያ ያደረገው ነገር ቁልፉን ከእጄ መውሰድ ነው። ከዚያም ኮፈኑን ሳይከፍት በርጩማ አስመጥቶ ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠ። አጎቴ ዐረብኛን እንደ አማርኛ ይናገራል፤ በመተማ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

«ያ ዐም፥ የምትጠፋብዎት የት የት ነው?» አላቸው።

«በየኬላው» አሉት። «ከገዳሪፍ እስከ ገላባት በጥሩ ፍጥነት መጥቻለሁ፤ በመንገድ ላይ አንድ ጊዜም አልጠፋችም። ወታደር እጁን ሲያነሣ ግን ትጠፋለች።»

«ከጠፋች በኋላ እንዴት አድርገው ያስነሧታል?»

«የቤንዚኑን መርገጫ እስከ መጨረሻ ረግጬ ሞተሪኖውን እመታለሁ። ጥቁር ጭስ ትተፋና ትነሣለች።»

አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተ ልጅ፤ የተራበ ሰው ሲሮጥ በርትቶ ሲቀመጥ ይሞታል?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ነገሩን በደንብ ለመግለጽ ጥቂት ከሳይንስ ክፍል ትምህርታችን ልጨምር። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሙሉ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል። ይህን በሊትር ብናሰላው አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 9,000 ሊትር የሚጠጋ አየር ይጠይቃል ማለት ነው። አየሩ በዝቶ ነዳጁ ሲያንስ ሞተሩ ይራባል፤ ነዳጁ በዝቶ አየሩ ሲያንስ ደግሞ ይታፈናል። እናቶቻችን በማንደጃ ላይ ከሰል ከመጠን በላይ ከምረው አየር ሲያሳጡት ከመንደድ ይልቅ እንደሚጨስ ሁሉ ማለት ነው። ክፉው ነገር የሁለቱ በሽታዎች መጨረሻ አንድ መሆኑ ነው፤ በሁለቱም ሞተሩ ይጠፋል። መድኃኒታቸው ግን ተቃራኒ ነው። ለአንዱ የሚሰጠው መድኃኒት ለሌላው መርዝ ነው። እኔ ዐርብ ማታ የሰጠሁት መርዙን ነበር።

የሽማግሌው መልስ ሁለቱን ለይቶ አስቀምጦልናል። ነዳጅ የሚያንሰው ሞተር የሚደክመው ብዙ ነዳጅ በሚፈልግበት ጊዜ፣ ይኸውም ዳገት ሲወጣና ሲፈጥን ነው። ይህች ግን ስትሮጥ ደኅና ናት፤ የምትጠፋው በሚኒሞ ስትቆም ነው። መርገጫው እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ብዙ አየር ይገባና የታፈነውን ጉሮሮ ይጠርጋል። የተራበ ሞተር ቢሆን ኖሮ በዚህ አይድንም ነበር። አጎቴ ይህን ሁሉ ያወቀው በርጩማው ላይ ተቀምጦ ነው።

ከዚህ በኋላ ኮፈኑ ተከፈተ። አራቱን ካንዴላዎች አወጣን። (ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ዳዶ፣ ማርሚታ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ጋራዥ ውስጥ ቃሉ ቀርቷል።) ሞተሩ ደኅና ሲሆን የካንዴላው አፍ ቀለሙ ቀለል ያለ ቡና ይመስላል፤ ነዳጅ ሲያንሰው ይነጣል። የእኛዎቹ አራቱም በደረቅ ጥላሸት ተሸፍነው ነበር፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ደግሞ ከመጥቈር አልፈው ረጥበዋል፤ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታሉ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። የጭሱም ነገር እንዲሁ ነው። ጥቁር ጭስ የነዳጅ ብዛት ነው፤ ሰማያዊ ጭስ ዘይት ይቃጠላል ማለት ነው፤ ነጭ የውሃ እንፋሎት ነው። እነዚህን የሚያደባልቅ ሰው ካርቡራቶር ለመጠገን ፒስተን ያወጣል።

የአየር ፊልትሮዎቹን አየን። የሱዳን አሸዋ በእጅ የሚዘገን ያህል ወጣ። አየር ሲታፈን ነዳጅ በዛ ማለት ስለ ሆነ በሽታው ይህ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ፊልትሮዎቹን አራግፈን ሞከርን፤ ጥቂት ተሻላትና እንደ ገና ጠፋች። አጎቴ አልተገረመም። «አራቱን ያጠቈረ እርሱ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን ያራሰ ግን ሌላ ነው» አለ።

አሁን ስለ ካርቡራቶሩ ልናገር። ይህች መኪና «ኤስ ዩ» የሚባሉ ሁለት ካርቡራቶሮች አሏት፤ የፊተኛው ለፊተኞቹ ሁለት ሲሊንደሮች፣ የኋለኛው ለኋለኞቹ ሁለት። ስሙ ከስኪነር ቤተ ሰብ ስም የመጣ ነው። ቤተ ሰቡ የጫማ ነጋዴ ነበርና የመጀመሪያው ካርቡራቶራቸው የቆዳ ወናፍ ነበረው ይባላል፤ የእኛ አገር አንጥረኛ ቢያየው ዕቃዬን ሰረቁኝ ይል ነበር። በእነዚህ ካርቡራቶሮች ላይ ቾክ ሲሳብ አየሩን አይዘጋም፤ ነዳጁ የሚወጣበትን ቀጭን ቧንቧ ወደ ታች ይጎትትና ቀዳዳውን ያሰፋል። አርጅቶ ወይም አሸዋ ገብቶበት ሳይመለስ ከቀረ፣ በክሩስኮቱ ላይ ቾኩ የተመለሰ መስሎ ነዳጁ ግን ክፍት ይሆናል። ይህንንም በጣታችን እየገፋን አረጋገጥን፤ ሁለቱም ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ ቾኩ ንጹሕ ነው።

ቀትር ሆነ። ጥላ ውስጥ እንኳ ብረቱ ያቃጥል ነበር። አጎቴ ሁላችንንም ዝም አሰኘንና ሞተሩን ሳያስነሣ ቁልፉን ብቻ ከፈተ። ከመኪናዪቱ ኋላ፣ ከቀኝ ጎማው አጠገብ፣ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ተሰማ። የቤንዚን ፖምፓዋ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ናት፤ የተቀመጠችውም ከሞተሩ ሙቀት ርቃ ነው። እኔ እርጥብ ጨርቅ የጠመጠምሁት እንግዲህ ለከንቱ ነበር። የካርቡራቶሮቹ ጽዋዎች እስኪሞሉ ድረስ ፖምፓዪቱ ጠቅ ጠቅ ትላለች፤ ሲሞሉ ዝም ማለት አለባት። እኛ ቈጠርን። ሠላሳ ሆነ፤ ስድሳ ሆነ፤ አልተወችም። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ቤንዚኑ ወዴት ይሄዳል?

ከፊተኛው ካርቡራቶር በታች ያለችው የትርፍ መፍሰሻ ቱቦ መለሰችልን። ከጫፏ ቤንዚን ጠብ፣ ጠብ ይላል። የሚወርደውም በጋለው የማርሚታ ቧንቧ አጠገብ ነው። አጎቴ በአንድ እጁ ቁልፉን ዘጋ፤ በሌላ እጁ ከበራችን አጠገብ ቡና የምታፈላዋን ሴት ከሰሏን ይዛ እንድትርቅ ምልክት ሰጣት። ባልና ሚስቱ ከካርቱም ጀምሮ የተቀመጡት በምን ላይ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

በሮቶ ውስጥ ያለውን ኳስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ውሃው ሲሞላ ኳሱ ይነሣና ቧንቧውን ይዘጋል። በካርቡራቶሩ ጽዋ ውስጥም እንዲሁ ያለ ተንሳፋፊ አለ፤ ቤንዚኑ ሲሞላ ይነሣና አንዲት ትንሽ መርፌ ወደ መቀመጫዋ ገፍቶ መንገዱን ይዘጋል። መርፌዋ ካልዘጋች ቤንዚኑ ከመጠኑ አልፎ ይወጣና ሞተሩ ባይስበውም እንኳ በራሱ ወደ ውስጥ ይፈሳል። መኪናዪቱ ስትሮጥ ሞተሩ ያን ትርፍ ይበላዋል፤ በኬላ ስትቆም ግን የሚበላው ጥቂት ስለ ሆነ ይሰጥማል። የኬላው ምሥጢር ይህ ነበር፤ የረጠቡት ሁለቱ ካንዴላዎችም ምሥጢራቸው ይኸው ነው።

የፊተኛውን ጽዋ ክዳን በካቻቢቴ ፈታን። ተንሳፋፊውን አውጥቼ ከጆሮዬ አጠገብ ነቀነቅሁት፤ ተቀዶ ቢሆን ኖሮ ውስጡ የገባው ቤንዚን ይንቦጨቦጭ ነበር፤ ደኅና ነው። መርፌዋን ስናወጣ ግን በመቀመጫዋ ላይ ከሰሊጥ ፍሬ ግማሽ የማትበልጥ ጥቁር ነገር ተቀምጣለች። ጎማ ናት። የቤንዚኑ ቱቦ ከማርጀቱ የተነሣ ውስጡ እየተፈረፈረ ኖሯል፤ አንዷ ፍርፋሪ እዚህ መጥታ በሩን ገርበብ አድርጋ ይዛዋለች።

ይህ ሁሉ ሥቃይ የዚህች ፍርፋሪ ሥራ ነው። ከእርስዋ ጋር ግን የሰው እጅ አለበት። በዚህ ካርቡራቶር ላይ የነዳጁ ልክ የሚጀመረው ዳዶውን ወደ ላይ እስከ መጨረሻ አጥብቆ ሁለት ሙሉ ዙር፣ ይኸውም ዐሥራ ሁለት ፊት፣ ወደ ታች በመመለስ ነው። አጎቴ ሲያጠብቅ እኔ ቈጠርሁ። ዐሥራ ሰባት ወጣ። ሦስቱ የእኔ ናቸው። ሁለቱን ማን እንደ ጨመረ ሽማግሌውን ስንጠይቃቸው፣ በመንገድ ላይ አንድ ደግ ሰው ረድቷቸው እንደ ነበረ ነገሩን። እርሱም እንደ እኔ ሙቀቱን ሳይጠረጥር አልቀረም።

አሮጌውን ቱቦ በአዲስ ለወጥን፤ ጽዋዎቹን አጠብን፤ ከፖምፓው በኋላ ትንሽ የቤንዚን ፊልትሮ አስገባን፤ ካንዴላዎቹን ጠረግን። ቁልፉ ሲከፈት ፖምፓዪቱ ጥቂት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ብላ ዝም አለች። እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ዝምታ ከዚያ በፊት አልሰማሁም።

ቀጥሎ መጠኑን መለካት ነበር። ከካርቡራቶሩ ሥር አንዲት ትንሽ ዘንግ አለች። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሄድ እርስዋን ወደ ላይ ገፍቶ በውስጥ ያለውን ፒስተን ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ መጠን ማንሣት ነው። የሞተሩ ፍጥነት ጨምሮ በዚያው ከቀጠለ ነዳጅ በዝቶበታል፤ ወዲያው ሊጠፋ ቢል አንሶታል፤ ለቅጽበት ያህል ጥቂት ጨምሮ ወደ ቦታው ከተመለሰ ልክ ነው። አጎቴ ዘንጓን ለእኔ ሰጠኝ። ቅዳሜ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሁለቱም ልክ ሆኑ። ሽማግሌው ኬላ ኬላ እየተጫወቱ በጋራዡ ግቢ ውስጥ ዐሥር ጊዜ ሄደው ዐሥር ጊዜ ቆሙ። ነጋዴው በበር ቆሞ ይመለከት ነበር፤ በኋላ ሳይሰናበት ሄደ።

እሑድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ጉዞ ጀመሩ። አጎቴ የስልኩን ቁጥር ጻፈላቸውና ትንሽ ቁልፍ ሰጣቸው። ስለ ምን ቁልፍ እንደሚሰጣቸው አልገባኝም ነበር።

ወደ ረፋዱ ስልኩ ጮኸ። ጭልጋ፣ አይከል ደርሰዋል። መኪናዪቱ አልጠፋችም፤ ነገር ግን ጥቂት ጥቁር ጭስ መጥቷል፤ ስትቆምም ትንቀጠቀጣለች። እኔ ፍርፋሪዋ ተመለሰች ብዬ ደነገጥሁ። አጎቴ ግን የጠበቀው ነገር ነበር። መተማ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር የማይሞላ አገር ነው፤ አይከልና ጎንደር ግን 2,000 ሜትር አልፈው ይገኛሉ። በኋላ ከመጽሐፍ አስልቼ እንዳየሁት የጎንደር የአየር ግፊት ከመተማው በስድስት እጅ አንዱ ያህል ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራቶሩ ነዳጁን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ በቆላ ልክ የነበረው በደጋ ይበዛል። ይህ በሽታ አይደለም፤ የአገር ለውጥ ነው። ቁልፉ የተሰጣቸው ለዚህ ኖሯል።

አጎቴ በስልክ፣ «ሁለቱንም ዳዶዎች ሁለት ሁለት ፊት ወደ ላይ ያዙሩ፤ ከዚያ ስልኩን ወደ ሞተሩ ያስጠጉልኝና ዘንጓን ያንሡ» አላቸው። ስልኩን በጠረጴዛው ላይ አድርገን ሁለታችንም አጎነበስን። የሞተሩ ድምፅ ከአይከል መጣ። ጥቂት ከፍ አለና ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ የኋለኛው፤ እርሱም እንዲሁ። ከዚያ የባለቤታቸው ሣቅ ተሰማ፤ ደጋው ሳይበርዳቸው አልቀረም።

በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ ጎንደር መግባታቸውን ነገሩን።

አጎቴ ከዚያ ጀምሮ ለሥራዬ አንድ ደብተር አስገዛኝ። ፊደል በቈጠርሁበት በሚሲዮን ትምህርት ቤት አንዲት መምህርት ያየነውን ሁሉ ከነቀኑ እንድንጽፍ ያስለምዱን ስለ ነበረ ይህ አልከበደኝም። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ዐሥራ ሰባት፤ ሦስቱ የእኔ» የሚል ጽሑፍ አለ። የጎማዋንም ፍርፋሪ አልጣልሁም፤ በዚህች የክብሪት ቤት ውስጥ በጥጥ ላይ አስቀምጫታለሁ። ከዝግጅቱ በኋላ በፊዚክስ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ትገኛለች፤ ማየት ለሚፈልግ ሁሉ አሳያለሁ። እንዳታስነጥሱባት ብቻ አደራ።